ሰው ሦስቴ ይጠራል

ደምሴና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የተበላሸ ካሴት መጠገን ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቁርስ እንደበላን ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈና ማጫወቻው ያኘከውን ካሴት አወጣ። ክሩ እንደ ተተረተረ ሹራብ ተጎልጉሏል። እኔ እንዳይጣመም በሁለት ጣቴ ያዝኩለት፤ እሱ እስክሪብቶ በካሴቱ ቀዳዳ አስገብቶ ቀስ እያለ ጠቀለለ።

«አትጎትቺ እንጂ» አለኝ።

«አንተ ነህ የምትጎትተው።»

«እኔማ እየጠቀለልኩ ነው። መጎተትና መጠቅለል አንድ ነው እንዴ፣ መምህርት?»

ሲያሾፍብኝ ነው መምህርት የሚለኝ። ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልተወውም። የተበጠሰውን ቦታ በምላጭ አስተካክሎ በቀጭን ፕላስተር አያያዘው። ካሴቱ እትዬ ብርቄ የሚባሉ የአማኑኤል ሰፈር ሴት ያመጡት ነበር። «ማታ በዚያ በኩል ዞሬ አደርስላቸዋለሁ» አለ። ከዚያ እኔ ሰሃን ላጥብ ገባሁ። ሲወጣ አላየሁትም፤ «ምሳ ላይ እደውላለሁ!» ሲል ብቻ ሰማሁ።

በዚያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሞተ።

ዓመት አልፎታል። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ጽፌ ደብተሩን እዘጋለሁ።

ሱቁ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሁለት እጅ ቢዘረጋ ግድግዳና ግድግዳ የሚነካበት ክፍል። የዘፈን ካሴት ይሸጣል፤ ስሙ የታወቀው ግን በራሱ ድምፅ ነው። ደምሴ የሙት ታሪክ ይናገር ነበር። ቀድቶ፣ አባዝቶ፣ በወረቀት ሽፋን አድርጎ ይሸጠዋል። የታክሲ ሾፌሮች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ ሻጮች ይገዙታል። ሲዲ መጥቶ ካሴት ሲጠላ እንኳ የእሱን የሚፈልግ አልጠፋም።

የተወለደው መንዝ ነው። በእሱ አገር ሙት የሚፈራው በጨለማ ሳይሆን በቀትር ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ መንገዱ ጭር ሲል፤ ያኔ ነው ሙት የሚወጣው። አንዱ መንገደኛ ወንዝ ሲሻገር ስሙን ሲጠሩት ይሰማል። አቤት ካለ አለቀለት፤ ድምፁን ተከትሎ ይሄዳል፣ አመሻሹ ላይ አንደበቱ ተዘግቶ ይገኛል። መድኃኒቱ መታገሥ ነው። ሙት ከሁለት ጊዜ በላይ መጥራት አይችልም፤ ሰው ግን ሦስቴ ይጠራል። ስለዚህ ቀትር ላይ ስምህ ከተጠራ ሦስተኛውን ጠብቅ ተብሎ ነው ደምሴ ያደገው።

መርካቶ ሲመጣ ይህን ታሪክ ቢናገር የሚሰማው አጣ። «ወንዝ ስላቸው ሳቁብኝ» ይለኝ ነበር። «የቱ ወንዝ? እኛ ሰፈር ያለው ወንዝ ሙት ራሱ አፍንጫውን ይዞ የሚሻገረው ነው አሉኝ።» ከዚያ ወዲህ ነው መለወጥ የጀመረው። ወንዙን የታክሲ መሳፈሪያ አደረገው። ሙት የሚያርፍበትን ዋርካ ፎቅ አደረገው።

አንድ አባባል ነበረው። «ሙት መንገድ የሚያውቀው በድሮው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ይጠፋበታል። አዲሱን የሚያሳየው ሰው ያስፈልጋል።» የቆርቆሮ ሱቆች ፈርሰው ሕንፃ ሲሠራባቸው አንድ ታሪክ ቀዳ፤ ሱቁ ከፈረሰ በኋላ የሞተ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ቀትር ቀትር እየመጣ በሊፍት ይወጣል፣ በየፎቁ በሩ ሲከፈት አንገቱን ብቅ ያደርግና «የእኔ ሱቅ በየት በኩል ነው?» ይላል። ሌላ ምንም አያደርግም።

ይህ ካሴት የወጣ ሰሞን አንድ ወፍራም የጫማ ነጋዴ እያለከለከ ሱቁ መጣ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ግፍ ነው የሠራኸኝ!»

«ምን አደረግሁህ?»

«ሱቄ አምስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት መግባት አቃተኝ። በደረጃ ስወጣ ሙት ሳይገድለኝ ደረጃው ሊገድለኝ ነው!»

«ታዲያ በሩ ሲከፈት ንገረዋ» አለው ደምሴ፣ ፈገግ ሳይል። «ሱቅህ ፈርሷል፣ አባባ፣ በለው። ያልነገሩት ሰው ነው የሚመላለሰው።»

ነጋዴው መሳቅ ጀምሮ መሃል ላይ ተወው። የእሱም አባት ሱቅ የፈረሰው እዚያው ቦታ ላይ ነበር።

ደምሴ ሲያወራ ድምፁን ከፍ አያደርግም። የሚያስፈራው ጋ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል፤ ድምፁ እዚያ ላይ ዝቅ ይላል። «የሚያስፈራ ነገር በቀስታ ነው የሚነገረው» ይል ነበር። «የሚጮህ ሙት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» የሚቀዳው ቤት ውስጥ ነው፤ ከራጉኤል ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍላችን። ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ እንሰቅላለን። እኔ ታሪኩን በደብተር ጽፌለት በእርሳስ መስመር መስመሩን እያሳየሁት ያነባል። ድምፅ እንዳይገባ የቻልነውን ሁሉ አድርገን እንኳ የምናለሽ ተራ ብረት ቀጥቃጮች መዶሻ ካሴቱ ውስጥ ይሰማል። «ይሁን» አለ መጨረሻ ላይ ሰልችቶት። «የመርካቶ ሙት ያለ መዶሻ አይሆንለትም።»

ሞባይል ሰው ሁሉ እጅ ሲገባ የጥሪውን ታሪክ ደግሞ አዲስ አደረገው። በእሱ ታሪክ ሙት በስልክ መጥራት ጀመረ። ካርድ ስለሌለው ግን ሚስኮል ብቻ ነው የሚያደርገው። ሁለቴ ጠርቶ ይዘጋል። መልሶ የደወለለት ሰው አለቀለት። ሦስተኛ ከጠራ ግን አይዞህ፣ ሰው ነው፣ አንሣ። ይህ ታሪክ መርካቶን ፈጀው። ሰው ሁለት ሚስኮል ሲያይ «ሙት ነው፣ ተወው» እያለ ይሳሳቅ ነበር።

ቤታችንም ገባ። ምሳ ሰዓት ላይ ከሱቅ ይደውላል። የመጀመሪያውን አላነሳም። ሁለተኛውንም አላነሳም። ሦስተኛውን አነሳና «ሰው ነህ ወይስ ሙት?» እለዋለሁ።

«እስካሁን ሰው ነኝ። ምሳ ምንድነው?»

በየቀኑ ነው። ልጅ አልወለድንም፤ ጨዋታችን ይህ ነበር።

አሁን ስለ እትዬ ብርቄ ልንገራችሁ፤ ደምሴን ከዚያ በፊት የማውቀው መስሎኝ ነበር፣ ያወቅሁት ግን ያኔ ነው።

መርካቶ ውስጥ ከሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ከእንጨት መወጣጫው ወድቆ ሞተ ተባለ። ደምሴ ወሬውን ሻይ ቤት ሰማ። ስሙን አልጠየቀም፤ የማን ልጅ ነው አላለም። በሳምንቱ ታሪክ ሠራበት። ልጁ ቀትር ላይ ከአራተኛ ፎቅ ሆኖ ከታች የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ይጠራል። ቀና ብሎ አቤት ያለ ሰው ይከተለዋል። የካሴቱ መጨረሻ «በዚያ ስታልፉ ስማችሁን ብትሰሙ አትመልሱለት» ይላል። እኔ ነኝ በእጄ የጻፍኩት። ጥሩ ዓረፍተ ነገር መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ቀን ሱቁ ውስጥ አብሬው ተቀምጬ ሳለሁ ጥቁር የለበሱ ሴት በሩ ላይ ቆሙ። አልገቡም።

«ደምሴ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ምን ልታዘዝ?»

«ልጄን አትመልሱለት ያልከው አንተ ነህ?»

ደምሴ ወዲያው ገባው። ተነሥቶ ቆመ።

«ታክሲ ውስጥ ነው የሰማሁት» አሉ። እያለቀሱ አልነበረም። «ስድስት ሰዓት ላይ ነው የወደቀው። ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቶ ነበር። ብቻውን ሲጣራ ቆይቶ ነው የሞተው ብለውኛል። በሕይወቱ ሲጣራ የመለሰለት የለም። አሁን ደግሞ ከሞተ በኋላም አትመልሱለት አልክ። እኔ እናቱ ነኝ። ልጄ ቢጠራኝ ሁለተኛውን የምጠብቅ ይመስልሃል?»

ደምሴ ባርኔጣውን አወለቀ። «አላወቅሁም ነበር» አለ።

«አልጠየቅህም ነበር» አሉት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራው ያን ካሴት መሰብሰብ ሆነ። ታክሲ ለታክሲ፣ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ፣ በምትኩ ሌላ እየሰጠ መለሰው። አንዳንዱ ሾፌር «ምርጡን ካሴት!» እያለ ይከራከረዋል፤ እሱ ግን ምክንያቱን አይናገርም፣ እጁን ዘርግቶ ይቆማል። የተሰበሰበውን ሁሉ ደመሰሰው።

ከዚያ አንድ ምሽት «ጻፊ» አለኝ። እንደገና ሠራነው። ልጁ ከአራተኛ ፎቅ ይጣራል፤ የሚያልፉት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። በመጨረሻ እናቱ ትመጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ «እማዬ» ይላታል፤ በመጀመሪያው «አቤት» ትለዋለች። ምንም አይሆንም። ማንም አይሞትም፣ አንደበቱ የሚዘጋ የለም። ልጁ የፈለገው የሚመልስለት ብቻ ነበር፤ ተመልሶለት ያርፋል።

«አቤቱን አንቺ በይው» አለኝ።

«እኔ? ድምፄ አያምርም።»

«የሚያምር አልፈልግም። የምትመልስ ሴት ነው የምፈልገው።»

ብርድ ልብሱን ሰቅለን ቀዳነው። እሱ «እማዬ» ይላል፣ እኔ «አቤት» እላለሁ። አራት ጊዜ ደጋገምነው። ሦስት ጊዜ ዘገየሽ አለኝ። ካሴቱ አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ለእትዬ ብርቄ ሰጣቸው። ለሌላ ሰው አልሸጠውም።

ከዚያ በኋላ ሦስተኛውን ጠብቁ የሚል ታሪክ ዳግመኛ አልቀዳም። እኔም በቤታችን ያለውን ጨዋታ እንተወው ወይ አልኩት።

«እሱን ለምን እንተዋለን?» አለኝ። «እኛ ቤት ሙት የለ።»

እንግዲህ ያ ማክሰኞ።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ስልኬ አንዴ ጮኸና ተቋረጠ። ስሙን አየሁ። «አንድ» አልኩ። ሽሮው እንዳይገነፍል እሳቱን ቀነስኩ። ቆየት ብሎ እንደገና ጠራ፤ አሁን ረዘም አለ። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ስልኩን ያዝኩት፤ መዳፌ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። «ሁለት» አልኩ። ተቋረጠ። ሦስተኛውን ቆሜ ጠበቅሁ። ፈገግ ብዬ ነበር፤ እሱን አልረሳም።

ሦስተኛው ዘገየ። ሲጠራ ወዲያው አነሳሁና «ሰው ነህ ወይስ ሙት?» አልኩ።

የማውቀው ሌላ ድምፅ መጣ። «አስካለ፣ ሐጂ ነኝ። ነጠላሽን ደርበሽ ነይ።»

ሐጂ ኑረዲን ከደምሴ ሱቅ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡ ጎረቤት ናቸው። ሃያ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲቀላለዱ ኖረዋል። የደወሉት በደምሴ ስልክ ነበር። ስደርስ ሐኪም ቤት ወስደውታል፤ ሐኪም ቤት ስደርስ አልቋል።

ለቅሶ ላይ ከሐጂ አጠገብ ተቀምጬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው። «ለምን ነበር የደወለልኝ?»

«ካሴት ቤት ረስቼ መጣሁ ብሎ ነው» አሉኝ። «የእትዬ ብርቄን። አስካለ ታዘጋጅልኝ፣ ለምሳ ስገባ እወስደዋለሁ ብሎ። ምንም አላመመውም ነበር። ስልኩን አስቀምጦ ዘንበል አለ፤ በቃ።»

ይህን ይዤ አርባውን ጨረስኩ። እንቅልፍ የወሰደኝ በዚህ ነው። ለካሴት ነው የደወለው፤ ባነሳም ካሴት ነበር የምንነጋገረው፤ እያልኩ።

ከአርባው በኋላ የእትዬ ብርቄን ካሴት ላደርስላቸው ፈለግሁ። ጠረጴዛው ላይ የለም። ድንኳን ሲጣል፣ ዕቃ ሲወጣና ሲገባ ሌላ ቦታ ገብቶ ይሆናል ብዬ ቤቱን ሁሉ አገላበጥኩት። አጣሁት። አንድ ያልነካሁት ነገር ነበር፤ ሐኪም ቤት የሰጡኝ የልብሱ ፌስታል። አልጋ ሥር አስገብቼው ነበር። ፈታሁት። ኮቱን ሳነሣ ከውስጥ ኪሱ ጠጣር ነገር እጄን ነካኝ። ካሴቱ ነው። ፕላስተሩ እንደ ለጠፈው አለ።

አልረሳውም ነበር።

በማግስቱ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ጨርቅ በሜትር እየለኩ ነበር። ካሴቱን ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩት።

«ሐጂ፣ ኪሱ ውስጥ ነበር።»

አዩት። መለኪያ ብረቱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ደንበኛቸውን «ቆይተሽ ተመለሽ፣ ልጄ» ብለው ሸኙ።

«ወላሂ አስካለ፣ ለክፋት አይደለም። ጠዋት ስለ ካሴቱ ሲያወራኝ ሰምቼ ነው።»

«አውቃለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ደረቱን ያዘ» አሉ። «ምነው ደምሴ ስለው ምንም አይደል አለ። ውሃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም። አስካለን ልጥራት አለ። ደወለ፤ ጣቱ ስቶ ተዘጋበት። ደግሞ ደወለ። አልመልስ ስትይ ጊዜ ተወው፣ ታክሲ ልጥራልህ አልኩት። ሳቀብኝ። ‹አትቸኩል ሐጂ፣ እሷ ሦስተኛውን ነው የምትጠብቀው› አለኝ። ሦስተኛውን ሊደውል ሲል ስልኩ ወደቀበት። አንሥቼ የደወልኩት እኔ ነኝ።»

ውጪ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ።

«ብታነሺም የሚለወጥ ነገር አልነበረም» አሉ ሐጂ። «ዶክተሩ ነግሮኛል፤ ሰዓቱ ደርሶ ነበር።»

«ይሆናል» አልኩ። «ድምፄን ግን ይሰማ ነበር።»

ሐጂ ካሴቱን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩት።

ከዚያው ወደ አማኑኤል ሄድኩ። እትዬ ብርቄ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ አልጠየቁኝም። ቴፑን ሰኩ። ካሴቱ እንደገና እንዳይበላ እጃቸውን ክዳኑ ላይ አድርገው ጠበቁ። መጀመሪያ መዶሻው ተሰማ፤ ቀጥሎ ደምሴ። በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ ልጁን፣ ፎቁን፣ አንገታቸውን ደፍተው የሚያልፉትን ሰዎች ተናገረ። የጠገነው ቦታ ሲደርስ ክሩ አንዴ ተንገራገጨና አለፈ።

«እማዬ» አለ።

«አቤት» አልኩ፤ እዚያ ውስጥ፣ ሳልዘገይ።

እትዬ ብርቄ ፊቴን አዩ። የሆነውን ሁሉ ያን ጊዜ ነገርኳቸው፤ ጨዋታውን፣ ሁለቱን ጥሪ፣ ቆሜ ፈገግ ማለቴን። እስክጨርስ ሰሙኝ። አይዞሽ አላሉኝም፤ እሳቸውም ይህ ቃል ሰልችቷቸዋል መሰለኝ።

«ይህችን ቦታ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አላውቅም» አሉ። «ወደ ኋላ ልመልሰው?»

«ይመልሱት» አልኩ።

ሱቁን ለቅቄያለሁ፤ አሁን የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። ማክሰኞ ማክሰኞ እትዬ ብርቄ ቤት እሄዳለሁ። ስልክ ሲጠራ በመጀመሪያው አነሳለሁ። መንገድ ላይ ስሜን ከሰማሁ፣ ቀትርም ቢሆን፣ የጠራኝን ባላየውም፣ አቤት እላለሁ።